ለሰው የተፈረመ፣ ከደመወዝ የሚቆረጥ፦ በቆቦና በራያ ቆላ ሕግ ዕዳን እስከ የት ይከተላል?

ቆቦ፦ የወር መጨረሻ ለደመወዝተኛ የእፎይታ ቀን ነው። በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ለሚሠራ መምህር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የግብርና ባለሙያ ግን ያቺ ቀን ሌላ ገጽታ ሊኖራት ይችላል። ደመወዙ ወደ ባንክ ሲገባ ከፊሉ ተቆርጦ ይደርሳል። የተቆረጠው ደግሞ ሁልጊዜ ሠራተኛው ራሱ በተበደረው ገንዘብ አይደለም፤ ለጎረቤት፣ ለዘመድ ወይም ለሥራ ባልደረባ በፈረመው የዋስትና ወረቀት ጭምር ነው።

ይህ የግለሰቦች ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። በራያ ቆላ ከተማና ገጠር የሚተዳደሩት በአንድ ገንዘብ ነው። ማሽላው ሲያፈራ የከተማው ሱቅ ይሸጣል፤ የመምህሩ ደመወዝ ሲገባ የአርሶ አደሩ ፍየል ገዥ ያገኛል። ለአርሶ አደር ልጅ ንግድ መጀመሪያ የደመወዝተኛ አጎት ይፈርማል፤ አጎቱ ሲቸገር ከገጠር እህል ይላካል። በዚህ ሰንሰለት አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ጫናው ወደ ሌላው ይሻገራል። ስለሆነም ዕዳ ሲከፈል ሕግ ለማን ምን ያህል እንደሚተውለት ማወቅ ለከተማውም ለገጠሩም የኑሮ ጉዳይ ነው።

ዕዳው እንዴት ተከማቸ?

የራያ ቆላ አርሶ አደር በአደጋ መካከል ማረስን ለምዷል። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳው ማስገባት ከአባቶቹ የወረሰው ጥበብ ነው። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካኝነት ደግሞ የከርሰ ምድር ውኃ ወጥቶ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ማሳዎች ተስፋፍተዋል። ይሁን እንጂ የመስኖ እርሻ ከማሽላ እርሻ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይፈልጋል። ዘር፣ ማዳበሪያ፣ ጸረ ተባይ ኬሚካል፣ የፓምፕ ኃይልና የቀን ሠራተኛ ክፍያ ሁሉ ምርቱ ከመድረሱ በፊት የሚወጡ ወጪዎች ናቸው። ወጪው በብድር ሲሸፈን የዝናቡም የገበያውም አደጋ በተበዳሪው ትከሻ ላይ ያርፋል።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ በላይ በላዩ የተደራረቡ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የኤልኒኖ ድርቅ የምሥራቁን የሀገሪቱን ቆላማ ክፍሎች ክፉኛ መታ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የበረሃ አንበጣ መንጋ ለአጨዳ የተቃረበውን ማሽላና ጤፍ ወረረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ቆቦ ደረሰ፤ አካባቢው እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ከመደበኛ አስተዳደርና ከባንክ አገልግሎት ተነጥሎ ቆየ። ንጹሐን ሞቱ፤ ንብረት ወደመ፤ ሕዝብ ተፈናቀለ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በድጋሚ ተመለሰ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ ጥቂት እፎይታ ቢታይም፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተከሰተው የጸጥታ ችግር የንግድና የትራንስፖርት እንቅስቃሴን እንደገና አወከ።

በእነዚህ ዓመታት ገበያው፣ መንገዱና ባንኩ ቢቆሙም የብድር ውሉ አልቆመም። ወለድ የሚቆጠረው በቀን መቁጠሪያ ነው። ከጦርነቱ በፊት በሬ ለማድለብ የተበደረ አርሶ አደር በሬው ቢወሰድበትም ዕዳው ቀርቷል። ሱቁ የተዘረፈበት ነጋዴም ዕቃው ሄዶ ወረቀቱ በእጁ ቀርቷል። ሕጉ “ከዐቅም በላይ ኃይል” የሚለውን ምክንያት ያውቀዋል፤ ይህ መከራከሪያ በመዘግየት ምክንያት ከሚመጣ የኪሣራ ጥያቄ ለመከላከል ሊረዳ ይችላል። ዋናውን የተበደሩትን ገንዘብ ግን በራሱ አይሰርዝም። ስለዚህ ችግሩን የሚፈታው የአበዳሪና የተበዳሪ ድርድር፣ አለዚያም የመንግሥትና የፋይናንስ ተቋማት ውሳኔ ነው።

ዋስትና፦ ከልማድ ወደ ደመወዝ

ዋስ መሆን በኢትዮጵያ ሕይወት ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በቀደመው ዘመን ዕዳውን መክፈል ያልቻለ ሰው ከባለገንዘቡ ጋር በሰንሰለት ተቆራኝቶ የሚኖርበት “ቁራኛ” የሚባል ልማድ ነበር። ከዚያ የሚያድነው ዋስ ማግኘት ነበር። ቁራኛ ዛሬ በአነጋገር ብቻ ቀርቷል። ዋስ የመሆን ክብርና ግዴታ ግን እንዳለ ነው፤ “ፈርምልኝ” ተብሎ እምቢ ማለት በብዙ ቤት እንደ ነውር ይቆጠራል። ብዙዎች ሳያነቡ የሚፈርሙትም በዚህ ይሉኝታ ነው።

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ዋስትናን በይሉኝታ አያየውም። ሁለት ነጥቦች በተለይ ሊታወቁ ይገባል። የመጀመሪያው በአንቀጽ 1922 የተቀመጠው ነው፦ ዋስትና በግልጽ መነገር አለበት፤ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠንም በውሉ ካልተጠቀሰ ዋስትናው አይጸናም። ስለዚህ የገንዘብ ጣሪያው ባዶ በተተወ ቅጽ ላይ መፈረም አደገኛ ነው። በኋላ ማን፣ ምን ያህል ሞላበት የሚለው ሙግት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው ነጥብ የዋስትናው ዓይነት ነው። ተራ ዋስ የሆነ ሰው ባለገንዘቡ በመጀመሪያ የተበዳሪውን ንብረት እንዲጠይቅ ሊያመለክት ይችላል። “በአንድነትና በነጠላ” ኃላፊ ለመሆን የፈረመ ዋስ ግን ይህ ዕድል የለውም፤ በአንቀጽ 1933 መሠረት ባለገንዘቡ ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ ዋሱ ሊመጣ ይችላል። ደመወዝተኛው ተመራጭ ዋስ የሚሆነውም ለዚህ ነው። አርሶ አደሩ ወይም ነጋዴው አካባቢውን ሊለቅ ይችላል፤ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ግን በየወሩ በአንድ ቦታ ይገኛል። ለአበዳሪ ከዚህ የተሻለ መያዣ የለም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይረሳሉ። አንደኛው፣ ስለሌላ ሰው የከፈለ ዋስ በባለገንዘቡ ቦታ ተተክቶ ዋናውን ተበዳሪ የመጠየቅ መብት አለው፤ ሌሎች ዋሶች ካሉም ድርሻቸውን እንዲሸፍኑ ሊጠይቅ ይችላል። ለዚህም የእያንዳንዱን ወር ቁራጭ የሚያሳይ ማስረጃ መያዝ ያስፈልጋል። ሌላው የትዳር ጉዳይ ነው። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 68 መሠረት ከ500 ብር በላይ መበደርና ለሌላ ሰው ዋስ መሆን የሁለቱን ባልና ሚስት ስምምነት ከሚሹ ጉዳዮች መካከል ናቸው። ያልተስማማው ወገን ጉዳዩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው በቆቦ የሚነሳ ጉዳይ የሚታየው በዚያው ሕግ ነው። መርሁ ግን ለሁሉም ቤት ትምህርት ይሆናል፤ የቤቱን ገንዘብ የሚነካ ፊርማ በጓዳ የሚፈጸም የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም።

አንድ ሦስተኛ፣ ከዚያ አያልፍም

ቀጣሪ መሥሪያ ቤት የሠራተኛውን ደመወዝ እንደ ፈቀደ መቁረጥ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 59 ይህን በግልጽ ደንግጓል። መቁረጥ የሚቻለው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት ወይም የሥራ ደንብ ሲፈቅድ፣ ፍርድ ቤት ሲያዝ፣ ወይም ሠራተኛው ራሱ በጽሑፍ ሲስማማ ነው። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብም በምንም ሁኔታ ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች ሕግም ተመሳሳይ መርህ ይከተላል።

በተግባር ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፈው “በጽሑፍ ሲስማማ” የሚለው ሐረግ ነው። በብድርና በዋስትና ቅጾች ውስጥ “ተበዳሪው ባይከፍል ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ” የሚል ዓረፍተ ነገር ሊገኝ ይችላል። ይህን የፈረመ ሰው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ መቁረጥ እንዲጀመር በር ከፍቷል ማለት ነው። ያም ሆኖ ፊርማው የአንድ ሦስተኛውን ጣሪያ አያነሳም። አንድ ሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ሰዎች ዋስ ቢገባም የሁሉም ቁራጭ ተደምሮ ከጣሪያው ማለፍ የለበትም፤ ሕጉ የሚለው “ጠቅላላ” ነውና።

ለምሳሌ የወር ደመወዙ 9,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ለ60,000 ብር ዕዳ ተጠያቂ ሆነ እንበል። አንድ ሦስተኛው 3,000 ብር ነው። ወለድ ባይታሰብ ዕዳው በ20 ወር ያልቃል። በቀሪው ዕዳ ላይ በወር አንድ በመቶ ወለድ ከታሰበ ደግሞ ወደ 23 ወር ይጠጋል። ሁለት የትምህርት ዓመት ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ የቤት ኪራይ ይጨምራል፤ የልጆች ደብተርና ልብስ ይገዛል፤ የታመመ ይታከማል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉን ተከትሎ የኑሮ ውድነቱ ሲጨምር፣ መንግሥት በ2017 ዓ.ም. የሠራተኞቹን ዝቅተኛ ደመወዝ ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አድርጎ ነበር። የደመወዝ ጭማሪ ሲመጣ አንድ ሦስተኛውም አብሮ ያድጋል፤ የሚቆረጠው ሲጨምር ለቤት የሚተርፈው ከታሰበው ያንሳል።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 ተጨማሪ ጥበቃ አስቀምጦ ነበር። በፍርድ አፈጻጸም ጊዜ የባለዕዳው ደመወዝ ሁለት ሦስተኛ አይነካም፤ ደመወዙ በቀን ከሁለት ብር የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ጭራሹን አይነካም። የሕጉ ሐሳብ ለዝቅተኛ ተከፋይ ማዘን ነበር። በዚያን ጊዜ በቀን ሁለት ብር ቤተሰብ የሚያኖር ገቢ ነበር። ዛሬ በሁለት ብር አንድ ዳቦ እንኳ አይገዛም። ቁጥሩ ባለመሻሻሉ የጥበቃው ነፍስ ወጥቶ ቃሉ ብቻ ቀርቷል። የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የጽዳት ሠራተኛዋም፣ ከፍተኛ ተከፋዩም በአንድ ሚዛን ይቆረጥባቸዋል።

ሌሎች ሀገራት ይህን በተለያየ መንገድ ይዘውታል። የኢትዮጵያ የሥነ ሥርዓት ሕግ ብዙ የወሰደበት የሕንድ ሕግ የመጀመሪያውን 1,000 ሩፒ ካስቀረ በኋላ የቀሪውን ሁለት ሦስተኛ ይጠብቃል፤ ለአንድ ፍርድ የሚደረግ የደመወዝ ቁራጭም ከ24 ወር እንዳያልፍ ይገድባል። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ተራ ዕዳ ከተጣራ ደመወዝ ከ25 በመቶ በላይ እንዲወስድ አይፈቅድም፤ ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 30 እጥፍ የማይበልጥ ሳምንታዊ ገቢም ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል። በጎረቤት ኬንያ ደግሞ ሁሉም ቁራጮች ተደምረው ከደመወዙ ሁለት ሦስተኛ መብለጥ የለባቸውም፤ ለሠራተኛው የሚተርፈው ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ነው ማለት ነው። በዚህ ሲመዘን የኢትዮጵያ ሕግ ለሠራተኛው ክፉ አይደለም። የጎደለው ለዝቅተኛ ተከፋይ የሚሆንና ከዘመኑ ኑሮ ጋር የሚሻሻል ወለል ነው።

ደመወዝ የሌለው አርሶ አደርስ?

አርሶ አደር የወር ደመወዝ የለውም፤ ስለዚህ አንድ ሦስተኛ የሚባል ጣሪያም የለውም። ይህ ማለት ግን ሕግ ራቁቱን ትቶታል ማለት አይደለም። ያው አንቀጽ 404 በፍርድ አፈጻጸም ሊያዙና ሊሸጡ የማይችሉ ንብረቶችን ይዘረዝራል። የባለዕዳውና የቤተሰቡ አስፈላጊ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና መኝታ አይያዝም። የሙያ መሣሪያው አይያዝም። በግብርና የሚተዳደር ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለመተዳደሪያው አስፈላጊ ናቸው ያላቸው ከብቶችና የዘር እህል አይያዙም። ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሦስት ወር ቀለብ የሚሆን እህልና ገንዘብም አይነካም። ጡረታና በቀለብነት የሚገኝ ገንዘብም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ተካተዋል።

በራያ ቆላ አነጋገር ይህ ማለት ጥማድ በሬው፣ ማረሻውና ሞፈሩ፣ ለመጪው ዘመን የተቀመጠው የማሽላ ዘርና የጎተራው የሦስት ወር ቀለብ የሕግ ከለላ አላቸው ማለት ነው። ደጋሊትም ይሁን ጅጉርቲ፣ ከዓመት ዓመት ተመርጦ በጭስ የተያዘ የአካባቢ ዘር አንድ ጊዜ ከተሸጠ በገበያ መልሶ አይገኝም። አቀንጭራ በሚያጠቃው ማሳ ላይ ተስማሚ ዘር ማጣት የአንድ ክረምት ብቻ ሳይሆን የብዙ ዓመት ኪሣራ ነው። የሕጉ አርቃቂዎችም የተረዱት ይህንኑ ይመስላል፤ የሚያርስበትን የተነጠቀ ባለዕዳ የዘንድሮውን ቢከፍል የከርሞውን አይከፍልም።

ችግሩ ይህ ጥበቃ የሚሠራው ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ መሆኑ ነው። የገጠር ብድር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በፍርድ ቤት ሳይሆን በቡድን ነው። የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ)፣ በኋላ ወደ ጸደይ ባንክ ያደገው፣ ለክልሉ ገጠር ብድርን ያደረሰው በዚህ የቡድን ዋስትና ዘዴ ነበር። መያዣ የሌለው አርሶ አደር ከጎረቤቶቹ ጋር ተዋውሎ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል። ዘዴው ባንክ ደርሶባቸው ለማያውቁ ቤተሰቦች በር ከፍቷል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ሁለተኛ ገጽ ግን አለው። አንዱ ሲያቅተው ጫና የሚያደርጉበት ፖሊስ ወይም ዳኛ ሳይሆኑ አብረውት ደቦ የሚወጡ፣ በአንድ እድር የሚቀብሩ ሰዎች ናቸው። አርሶ አደሩ ከኀፍረት ለመዳን ሲል ሕግ የማይነካበትን በሬ በገዛ እጁ ገበያ ያወጣል።

እዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር አለ። ስለ ጎረቤቱ የከፈለ የቡድን አባል ገንዘቡን በሽምግልና ወይም በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት አለው። ከጎረቤቱ በረት በሬ ነድቶ የመውሰድ መብት ግን የለውም። በሌላ በኩል ተበዳሪው በሬውን ራሱ በመያዣነት አስመዝግቦ ከሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ የሚንቀሳቀሱ ንብረቶችን ለመያዣነት ያበቃው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብትና ሰብልንም ይመለከታልና። መሬትን በተመለከተ፣ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። የመጠቀም መብትን ግን በመያዣነት ማስያዝ በአዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተፈቅዷል። ስለዚህ አርሶ አደሩ የይዞታ ደብተሩን ለብድር ሲያቀርብ የሚያስይዘው ወረቀቱን ሳይሆን የሚያርስበትን ዘመን መሆኑን ሊረዳ ይገባል።

የሴፍቲኔት ክፍያም በዚሁ ዓይን መታየት አለበት። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ይህ ፕሮግራም የተነደፈው የምግብ ክፍተት ላለባቸው ቤተሰቦች ነው። ያንን ክፍያ በእጅ አዙር ለብድር መሰብሰቢያ ማድረግ የሦስት ወር ቀለብ አይነካ ከሚለው የሕግ መንፈስ ጋር ይጋጫል፤ ቤተሰቡንም ወደ ሌላ ብድር ይገፋዋል።

የመክፈያው ወር

በቆላው ማሽላ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የግብርና ብድር መመለሻም በአመዛኙ ከምርት መሰብሰቢያ ጋር ይገጥማል። ሐሳቡ ምክንያታዊ ነው፤ ገንዘብ በእጅ ሲኖር ይከፈል። ውጤቱ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ገበያ ይወጣና ዋጋ ይወርዳል። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. በሀገር አቀፍ ደረጃ በቆሎ ተትረፍርፎ ዋጋው ሲያሽቆለቁል የማዳበሪያ ዕዳ የነበረባቸው አርሶ አደሮች ምርታቸውን በርካሽ ለመሸጥ ተገደው ነበር፤ በተከታዩ ዓመት ድርቅ መጣ። ጥሩ ምርት ያመጣውን ዕዳ መጥፎ ዓመት ሲከፍል ታየ።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ አርሶ አደር 20,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። በአጨዳ ሰሞን ኩንታሉን በ4,000 ብር ከሸጠ አምስት ኩንታል ያስፈልገዋል። እስከ ክረምቱ መግቢያ ቆይቶ በ5,000 ብር ከሸጠ አራት ኩንታል ይበቃዋል። ልዩነቱ አንድ ኩንታል ነው። የእህል እርዳታ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም ተብሎ በሚሰላበት ሀገር፣ አንድ ኩንታል ማለት ስድስት አባላት ላሉት ቤተሰብ ከአንድ ወር በላይ የሚሆን ቀለብ ነው። የመክፈያ ቀኑን በጥቂት ወራት ማዘግየት፣ ወይም ምርቱ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ተቀምጦ ከፊል ክፍያ ብቻ እንዲፈጸም ማድረግ፣ ለአበዳሪው ትንሽ መዘግየት ሲሆን ለቤተሰቡ የአንድ ወር እንጀራ ነው።

ባንክ ያልሸፈነውን አራጣ ይሸፍነዋል

የመክፈያ ቀን ሲደርስ ገንዘብ ያጣ ሰው ሌላ ተበድሮ መክፈል ይመርጣል። ያ ሌላ ብድር አብዛኛውን ጊዜ የአራጣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2479 በግለሰቦች መካከል የሚደረግ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ ሊበልጥ አይችልም፤ መጠኑ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ 9 በመቶ ነው። የሌላውን ችግር መሣሪያ አድርጎ ከዚህ በላይ መጠየቅ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 712 የአራጣ ወንጀል ነው። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንስ ተቋማት የሚተዳደሩት በራሳቸው ሕግ በመሆኑ የ12 በመቶው ጣሪያ እነርሱን አይመለከትም።

የአራጣ አበዳሪ ወለዱን በውሉ ላይ ለብቻው አይጽፍም። የሰጠው 20,000 ብር ሆኖ ሳለ “30,000 ብር ተበደርኩ” ብለው እንዲፈርሙለት ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በተፈረመበት ቁጥር ይናገራል፤ ተበዳሪው እውነቱን ለማስረዳት ይቸገራል። የዚህ ዓይነት ወረቀት ፍርድ ቤት ደርሶ ሲጸና ነው የደመወዝ ቁራጩ ትእዛዝ የሚመጣው። በመሆኑም ከአራጣ መዳን የሚቻለው ከፊርማው በፊት እንጂ በኋላ አይደለም።

የአበዳሪውም ወገን

ዕዳ አይከፈል የሚል ክርክር ግን መዘዙ ለሁሉም ነው። የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚያበድሩት ገንዘብ የሌላው መምህርና የሌላዋ ነርስ ቁጠባ ነው። በባንክ የተቀመጠውም የነጋዴውና የአርሶ አደሩ ገንዘብ ነው። ማስመለስ ካልተቻለ በሚቀጥለው ዓመት ለዘር የሚፈልገው ሰው በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ሆን ብሎ ሸሽቶ፣ ዋሱን ለዕዳ አጋልጦ በሌላ ከተማ ሱቅ የከፈተ ተበዳሪና አዝመራው በአንበጣ የተበላበት ተበዳሪ ግን አንድ አይደሉም። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መወጣት ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል። አለመቻልና አለመፈለግን መለየት የዳኛው ብቻ ሳይሆን የብድር ሠራተኛውም ሥራ መሆን ይኖርበታል።

ምን ማድረግ ይቻላል?

ዋስ እንዲሆን የተጠየቀ ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያይ ይጠቅመዋል፦ የገንዘቡ ጣሪያ በቁጥርና በፊደል ተጽፏል ወይ? “በአንድነትና በነጠላ” የሚል ቃል አለበት ወይ? “ከደመወዜ ይቆረጥ” የሚል ስምምነት ተካቷል ወይ? የውሉን ቅጂም መውሰድ አለበት። ከባለቤቱ ጋርም ሳይመክር ባይፈርም ይመረጣል።

መቁረጥ የተጀመረበት ሠራተኛ ደግሞ የመቁረጡን መነሻ በጽሑፍ ሊጠይቅ ይገባል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሆነ ከመዝገቡ ቅጂ መውሰድ፣ በራሱ ፊርማ ከሆነ ውሉን ማየት ይቻላል። ቁራጩ ከአንድ ሦስተኛ ካለፈ ለመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብትና የፋይናንስ ክፍል በጽሑፍ ማመልከት፣ መፍትሔ ካላገኘም አፈጻጸሙን ወደ ያዘው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በግል ድርጅት የሚሠራ ከሆነ የሥራና ስልጠና ጽሕፈት ቤትን ማማከር ይቻላል። ዕዳው ሲያልቅ መቁረጡ እንዲቆም የሚያዝ ደብዳቤ መኖሩን ማረጋገጥም አይዘንጋ።

አርሶ አደሩ አዝመራው መጥፋቱ እንደታወቀ፣ የመክፈያው ቀን ሳይደርስ ወደ አበዳሪው ቢሄድ ከቀኑ በኋላ ከሚደበቅ ይልቅ ይደመጣል። ጉዳቱን ከቀበሌ አስተዳደርና ከግብርና ባለሙያ በጽሑፍ ማስመዝገብ ለማራዘሚያ ጥያቄው ጉልበት ይሰጠዋል። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰም ዝም ማለት አይበጅም፤ ጥማድ በሬው፣ ዘሩና የሦስት ወር ቀለቡ እንዳይያዝ ራሱ ማመልከት ይኖርበታል። ዳኛው በረቱን መጥቶ አይቆጥርለትም።

ከግለሰብ ዐቅም በላይ የሆነው ደግሞ ለተቋማት ይቀራል። በጦርነትና በአንበጣ የተጎዱ ወረዳዎች ዕዳ በአንድ ጊዜ ተለይቶ ቢጠና፣ የመክፈያ ቀን ከገበያ ዋጋ ጋር ቢናበብ፣ የዋስትና ቅጾች ዋሱ በሚገባው ቋንቋ ቢነበቡለት፣ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው የሁለት ብር ወለልም ለዛሬ ኑሮ ቢሻሻል ከሚቆረጠው ደመወዝም ከሚሸጠው በሬም ብዙ ሊድን ይችላል። እነዚህ ዕዳን የሚሰርዙ እርምጃዎች አይደሉም። ተበዳሪው እየኖረ፣ እያረሰና እየሠራ እንዲከፍል የሚያስችሉ ናቸው።

በአማርኛ ቀላል ነገርን ለማመልከት “ዕዳው ገብስ ነው” ይባላል። በራያ ቆላ ዕዳው ገብስ ከሆነ ቆይቷል። ዛሬ ዕዳው የመምህሩ ደመወዝ፣ የአርሶ አደሩ ጥማድና የጎረቤት እምነት ነው። ከሦስቱ የመጨረሻው አንዴ ከጠፋ በየትኛውም ፍርድ አፈጻጸም አይመለስም።